ድኝ የደፈነው ሂት ኤክስቼንጀር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ሂት ኤክስቼንጀር፣ ማለትም ሙቀትን ከአንዱ ፈሳሽ ወይም ጋዝ ወደ ሌላው የሚያስተላልፈው መሣሪያ፣ ሲደፈን ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «እንጠበው» የሚል ነው። በምን እንጠበው የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል። ድኝ (ሰልፈር) ባለበት ፋብሪካ ይህ መዘግየት ሰው ይጎዳል። በጅምላ «ሰልፈር ነው» ብለን የምንጠራው ቆሻሻ አንድ ነገር አይደለምና። አንዱ በእንፋሎት ይቀልጣል። አንዱ በውሃ ይሟሟል። አንዱ ደግሞ አየር ሲነካው በራሱ ይቀጣጠላል፣ አሲድ ሲነካው ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ከምንም በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ የተለጠፈው ምን እንደሆነ ሳታውቁ ምንም ነገር አታፍስሱበት።

መጀመሪያ ናሙናው

ናሙናውን የሚወስደው ሰው የመተንፈሻ መሣሪያ ያደርጋል፣ የጋዝ መለኪያ ደረቱ ላይ ይሰካል። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ትበቃለች።

ደማቅ ቢጫ ሆኖ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ የሚሰበር ከሆነ ድኝ ራሱ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ጭስ በሚስብ መከለያ ሥር፣ በብረት ማንኪያ ብታሞቁት ከ115 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ይቀልጣል። ማር የመሰለ ቀለም ያለው ቀጭን ፈሳሽ ይሆናል። ከተቀጣጠለ ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፤ ቀን በፀሐይ ላታዩት ትችላላችሁ። ሽታው አሁን የተጫረ ክብሪት ነው።

ጥቁርና ጥላሸት የመሰለ ከሆነ የብረት ሰልፋይድን ጠርጥሩ። ይህን ናሙና ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጡት። በወረቀት ጠቅልሎ ኪስ ውስጥ መክተት አይታሰብም።

ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ከሆነ የአሞኒያ ጨው ነው። ሲሞቅ ግማሹ ቀልጦ ግማሹ ጥቁር ዱቄት ሆኖ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ድኙ ከካርቦን ጋር ተቀላቅሏል። ያ ችግር ጋዙ ከሚነድበት ምድጃ ነው የመጣው፤ የምድጃውን አየር ካላስተካከላችሁ ያጠባችሁት ተመልሶ ይደፈናል።

በተግባር የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ ቅልቅል ነው። ቢጫው ላይ ጥቁር መስመር ካያችሁ አደገኛው ጥቁሩ ነው። ሥራችሁን በእሱ ልክ አቅዱ።

ምልክት፦ ሙቀት ማስተላለፉ ቀነሰ፣ የግፊት ልዩነቱ ጨመረ

በመጀመሪያ መለኪያውን አትመኑት። ወደ ግፊት ጌጁ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ራሱ በድኝ ይደፈናል። ኤክስቼንጀሩ ንጹሕ ሆኖ ጌጁ ብቻ «ተደፍኗል» ሲል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቱቦውን በእንፋሎት አሙቁት፣ በናይትሮጅን አጽዱት፣ ከዚያ እንደገና አንብቡ።

ሁለተኛ፣ ቁጥሮችን ስታወዳድሩ የፍሰቱ መጠን እኩል ይሁን። የግፊት ልዩነት በፍሰቱ ስኩዌር (ፍሰቱ በራሱ ተባዝቶ) ነው የሚያድገው። ጭነቱ በ20 በመቶ ከጨመረ ምንም ሳይደፈን ልዩነቱ በ44 በመቶ ይጨምራል።

ከዚያ ሁለቱን ምልክቶች አንድ ላይ እዩ። ሙቀት ማስተላለፉ ወርዶ ግፊቱ ብዙም ካልተለወጠ፣ በቱቦዎቹ ግድግዳ ላይ ስስ ሽፋን ተለጥፏል። ግፊቱ ዘልሎ ሙቀቱ ጥቂት ብቻ ከተነካ፣ የተወሰኑ ቱቦዎች ጨርሰው ተዘግተዋል ወይም መግቢያው ላይ የተከመረ ነገር አለ።

ስስ ሽፋን ስል ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ድኝ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ደካማ ነው፤ በሜትር በኬልቪን 0.2 ዋት ገደማ። ካርቦን ስቲል 50 አካባቢ ነው። ይህ ማለት 1 ሚሊሜትር ድኝ ሩብ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት ጋር እኩል ሙቀት ያግዳል። ቱቦው ውስጥ ጣታችሁን ብታስገቡ ሻካራነቱን ብቻ ነው የምትዳስሱት፤ ኤክስቼንጀሩ ግን ወፍራም ብርድ ልብስ እንደለበሰ ይቆጥረዋል።

ምልክት፦ ድኝ መውረዱን አቆመ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ብዙ ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነው።

ሃይድሮጂን ሰልፋይድን ወደ ድኝ በሚለውጠው የክላውስ ፋብሪካ ውስጥ ጋዙ አቀዝቅዞ ድኙን ፈሳሽ በሚያደርገው ሂት ኤክስቼንጀር፣ በኮንደንሰሩ፣ ቱቦዎች ያልፋል። በውጭ ያለው ውሃ ሙቀቱን ወስዶ እንፋሎት ይሆናል። ድኙ ፈሳሽ ሆኖ በመውረጃው ወደ ታች ይፈሳል። በመመልከቻው ሳጥን በኩል ሲታይ ጣት የሚያህል ብሩህ ጅረት ነው። ችግር ሲጀምር ጅረቱ ክር ያህል ይቀጥናል። ከዚያ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ ዝም ይላል።

መንስኤ አንድ፦ ቅዝቃዜ። በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። መውረጃው በእንፋሎት ጃኬት፣ ማለትም ዙሪያውን በከበበው እንፋሎት የሚያልፍበት ሽፋን፣ ይሞቃል። የጃኬቱ ስቲም ትራፕ (እንፋሎቱን ይዞ ውሃውን ብቻ የሚያስወጣው ቫልቭ) ከተበላሸ ውስጡ ውሃ ይሞላና ይቀዘቅዛል። በኢንፍራሬድ መለኪያ ከትራፑ በፊትና በኋላ እዩ። ከመግቢያው ጀምሮ ጃኬቱን እየተከተላችሁ ለኩ፤ ሙቀቱ ድንገት የሚወድቅበት ቦታ የደፈነው ቦታ ነው። የእንፋሎቱንም ግፊት ተመልከቱ። በጌጅ 1 ባር የሆነ እንፋሎት 120 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ድኝ የሚረጋበት ጠርዝ ላይ ማለት ነው። 3.5 ባር 148 ዲግሪ ይሰጣል፤ ይህ ምቹ ነው። ኢንሱሌሽኑ (ሙቀቱ እንዳይወጣ የሚሸፍነው) ረጥቦ ወይም ተገሽልጦ ከሆነም ያው ውጤት ነው። ፋብሪካው በዝቅተኛ ጭነት ሲሠራ የመጨረሻው ኮንደንሰር ከሁሉ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ የእንፋሎቱን ግፊት ከፍ አድርጋችሁ ያዙት።

መንስኤ ሁለት፦ ከመጠን ያለፈ ሙቀት። ይህ ለብዙ ሰው አይዋጥለትም። ቀልጦ ሳለ ድኝ እስከ 155 ዲግሪ ድረስ ሲሞቅ እየቀጠነ ይሄዳል። ከ160 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ግን ጠባዩ ይገለበጣል። ስምንት ስምንት ሆነው ቀለበት የሠሩት አተሞች ይከፈቱና ረጅም ሰንሰለት ሆነው ይተሳሰራሉ። ቀለሙ ከማር ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። 187 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ውፍረቱ በ155 ዲግሪ ከነበረው ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ ይሆናል። አይፈስም።

አንድ ሌሊት በዚህ ነገር ስንቸገር አድረናል። መውረጃው ተዘጋ። «እንፋሎቱን ጨምሩበት» ተባለ፣ እኔም ተስማማሁ። ከከፍተኛው መስመር 10 ባር አገናኘን። 10 ባር ማለት 184 ዲግሪ ነው፤ ድኝ እጅግ የሚወፍርበትን ሙቀት መርጠን የሰጠነው ያህል ነው። እስከ ንጋት አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ጠዋት የመጣው የፈረቃ ኃላፊ ግፊቱን ወደ 3.5 ባር አወረደውና «አሁን ጠብቁ» አለን። ከሰዓታት በኋላ መጀመሪያ ጠቆር ያለ ወፍራም ነገር ተንጠባጠበ። ቀጥሎ ያ የምናውቀው ብሩህ ቢጫ ወረደ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለውን ያን ቀን በደንብ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ መውረጃ ስናሞቅ ጌጁ ላይ ቀይ መስመር አስምሬ ነው የምጀምረው፤ ከ4 ባር አያልፍም።

መንስኤ ሦስት፦ ባዕድ ነገር። የካታሊስት (ለውጡን የሚያፋጥነው ንጥረ ነገር) አቧራ፣ ከምድጃው የተፈረፈረ ሸክላ፣ ካርቦን፣ የዝገት ቅርፊት። እነዚህ በእንፋሎት አይቀልጡም። መውረጃው ላይ በዘንግ መጎርጎሪያ ቀዳዳ ካለ በሞቀ የብረት ዘንግ ይወጋል። ደፍኖ የያዘው ነገር ሲለቅ ከኋላው ያለው ጋዝ አብሮ ሊወጣ ስለሚችል ዘንጉን የሚይዘው ሰው ከውጭ አየር የሚቀበል ጭንብል ሳያደርግ አይቀርብም። አብሮት የሚቆም ሰውም ያስፈልጋል።

መንስኤ አራት፦ የቱቦ ቀዳዳ። ከመውረጃው ነጭ እንፋሎት ከወጣ፣ ኮንደንሰሩ ከወትሮው የበለጠ ውሃ ከጠየቀ፣ የተደፈነ ብቻ ሳይሆን የተበሳ ነው። ይህ «እስከሚቀጥለው ሻትዳውን እንጎትተው» አይባልም። ውሃው ከሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጋር አሲድ ሆኖ አጠገቡ ያሉትንም ቱቦዎች ይበላቸዋል። አቁሙ፣ የተበሳውን ቱቦ በግፊት ሙከራ ለዩ፣ ድፈኑት ወይም ቀይሩት።

ስታቀልጡ አንድ ነገር አትርሱ

ድኝ ሲቀልጥ ይሰፋል። ጠጣሩ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.07 ግራም ነው፣ ፈሳሹ 1.8 አካባቢ። ከአሥር በመቶ በላይ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው። ሁለት ጫፉ የረጋ ቱቦ መሐሉን ብቻ ብታሞቁት የቀለጠው መውጫ ያጣል። ቱቦ ይቀደዳል፣ መጋጠሚያውን የሚያሽገው ጋስኬት ይፈነዳል። ሁልጊዜ ከተከፈተው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ አሙቁ። የቀለጠው ወዴት እንደሚወርድ ሳይዘጋጅ ሙቀት አይሰጥም። በጋዝ ችቦ ማሞቅ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። የነበልባሉ ሙቀት ድኙ በራሱ ከሚነድበት ከ230 ዲግሪ ገደማ እጅግ ይበልጣል።

ምልክት፦ ሲከፈት ጥቁር፣ ሲደርቅ የሚጨስ

ይህ የብረት ሰልፋይድ ነው። ዝገት ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ሲያገኘው አየር በሌለበት ይሠራል። ውስጥ ሳለ ጸጥ ያለ ነው። ሽፋኑ ተነሥቶ አየር ሲገባና ሲደርቅ ግን ተመልሶ ዝገት ይሆናል፤ ይህ ለውጥ ብዙ ሙቀት ያወጣል። ሙቀቱ አጠገቡ ያለውን ድኝ ያቀጣጥላል።

አጀማመሩን ላሳያችሁ። ቻናሉ (የቱቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው ክፍል) ከተከፈተ በኋላ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ቱቦ መያዣው ላይ ያለው ጥቁር እርጥብ ነው፣ ያብረቀርቃል። ቀስ ብሎ ዳር ዳሩ ግራጫ ይሆናል። ከዚያ አንዲት ነጥብ ላይ ክር የመሰለ ነጭ ጭስ ይነሣል። ነጥቧ ቀይ ቡናማ ሆናለች። እንፋሎት መስሏችሁ ካለፋችሁት፣ ጭሱ ዓይን የሚቆጠቁጥ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ መሆኑን ስታውቁ እሳቱ ቱቦዎቹ ውስጥ ገብቷል። የቱቦዎች እሽግ ውስጥ የገባ እሳት ከውጭ አይታይም፣ ቱቦዎቹን ያጣምማል።

መፍትሄው ውሃ ነው፤ ከመክፈት በፊት፣ ሲከፈት፣ ተከፍቶ እስካለ ድረስ። የውሃ መርጫው ተዘርግቶ የሚጠብቅ ሰው ተመድቦለት ይቆይ። ከኤክስቼንጀሩ የወጣው ቆሻሻም በእርጥቡ ይታፈስ፣ በእርጥቡ ይጓጓዝ።

ለዘለቄታው ከ1 እስከ 4 በመቶ የሆነ የፖታስየም ፐርማንጋኔት ውህድ ይዞራል። ውህዱ ሐምራዊ ነው። ሰልፋይዱን ሲያገኘው ቡናማ ይሆናል። ሐምራዊነቱ ሳይጠፋ ሲቆይ ያኔ የሚቃጠል ነገር አልቋል። ዘይትና ቅባት ቀድሞ መታጠብ አለበት። የፐርማንጋኔት ደረቅ ዱቄት ግን ድኝ ወይም ዘይት አጠገብ አይቅረብ፤ ይፈነዳል።

አሁን ስለ አሲድ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የብረት ሰልፋይድን በደንብ ያሟሟል። ሲያሟሟ ግን ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ በትንሹ እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 100) አካባቢ ሲደርስ የማሽተት ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። 500 ሲያልፍ ሰው ተዝለፍልፎ ይወድቃል፣ ሊያነሣው የገባውም አጠገቡ ይወድቃል። ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድና ቻናል ውስጥ ይተኛል። «አሁን አይሸትም፣ ግቡ» የሚል ትእዛዝ ስትሰሙ እባካችሁ አትግቡ። መለኪያው ይናገር። አሲድ የግድ ካስፈለገ ጋዙን በኮስቲክ ሶዳ የሚይዝ ማጠቢያ ያለው፣ ይህን ሥራ የሚያውቅ ቡድን ይሥራው።

ምልክት፦ በአየር የሚቀዘቅዙ ቱቦዎች ላይ ነጭ ጨው

በነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ነዳጁን በሃይድሮጂን ከሚያጣራው ክፍል የሚወጣው ጋዝ አሞኒያና ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይይዛል። ሲቀዘቅዙ ተገናኝተው ጨው ይሆናሉ። ውሃ በደንብ ያሟሟዋል፤ ስለዚህ መፍትሄው ከማቀዝቀዣው በፊት ውሃ መርጨት ነው። ሙሉ በሙሉ የሚተን ውሃ ግን ጨውን ያረጥባል እንጂ አያጥብም፣ ብረቱንም ያስበላል። ከተረጨው ቢያንስ 25 በመቶው ፈሳሽ ሆኖ መቆየት አለበት። አንዱ ቱቦ ቀዝቅዞ አጎራባቹ ከሞቀ ውሃው እኩል አልተከፋፈለም።

በቦይለር አየር ማሞቂያ ላይ የሚጣበቀው ሌላ ጨው ነው፤ አሞኒየም ባይሰልፌት ይባላል። 147 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ እንደ ሙጫ አመዱን ይይዛል። በእንፋሎት መንፊያ ካልለቀቀ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። የቦይለሩን ጭስ ለማጽዳት የሚረጨውን አሞኒያ ካልቀነሳችሁ ግን ይመለሳል።

ምን ያጸዳዋል?

ለንጹሕ ድኝ ከማቅለጥ የተሻለ የለም፤ ብዙውን ያወጣል፣ ቆሻሻም አይጨምርም። የቀረውን ስስ ሽፋን በኮስቲክ ሶዳ ማሟሟት ይቻላል። 10 በመቶ ውህድ ይዘጋጃል። ብየዳው በሙቀት ያልታከመ ካርቦን ስቲል ከሆነ ሙቀቱን ከ60 ዲግሪ በታች ያዙ፤ ያለዚያ ብየዳው ይሰነጠቃል። አሉሚኒየም ክንፍ ወይም ክፍል ካለው ኮስቲክን አታስቡት፤ ይበላዋል። ውህዱ ሲዞር ድኙን እያነሣ ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል። አዲስ ውህድ ስትቀይሩበትም ቀለሙ ካልተለወጠ ሥራው አልቋል። ያን ቀይ ፈሳሽ አሲድ ወዳለበት ፍሳሽ አትልቀቁት። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ መልሶ ያወጣዋል፣ ያሟሟችሁትንም ድኝ መልሶ ያረጋዋል።

ካርቦን ዳይሰልፋይድ ድኝን ከሁሉ በላይ ያሟሟል። እኔ ግን በፋብሪካ አልመክረውም። ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ በራሱ ይቀጣጠላል፤ የሞቀ የእንፋሎት ቱቦ ብቻ ይበቃዋል። መርዝም ነው።

ቀጥ ያሉ ቱቦዎች ላይ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ ጥሩ ይሠራል። ድኝ ተሰባሪ ስለሆነ ጀቱ ይፈረካክሰዋል። ጀቱ ሥጋም ይቆርጣል፤ መስመሩ ላይ ማንም አይቁም። ድኝን በደረቁ መፈቅፈቅ ግን ይቅር። አቧራው በኪዩቢክ ሜትር 35 ግራም ሲደርስ ሊፈነዳ ይችላል። ድኝ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ በመሆኑ ሲፋተግ ስታቲክ ያጠራቅማል፤ ትንሽ ብልጭታ ትበቃዋለች።

ቱቦዎቹ ስቴንለስ ስቲል ከሆኑ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሰልፋይድ ሽፋን እርጥበትና አየር ሲያገኝ ፖሊታዮኒክ አሲድ የሚባል ይፈጠራል። በሥራ ሙቀት ወይም በብየዳ ጠባዩ የተለወጠ ስቴንለስን ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰነጥቃል። ስለዚህ አየር ከመግባቱ በፊት በ2 በመቶ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ውህድ እጠቡት። ከዚያ በንጹሕ ውሃ አታለቅልቁት፤ ስሱ የሶዳ ሽፋን ደርቆ እላዩ ይቅር።

ከመዝጋት በፊትና ሲነሣ

የሚቀጥለው ጽዳት የሚቀለው ፋብሪካው ገና ሳይቆም ነው። የክላውስ መስመር ሊዘጋ ሲል ካታሊስቱን የያዙትን ሪአክተሮች ከወትሮው ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ማቆየት ካታሊስቱ ላይ ያለውን ድኝ ያስለቅቀዋል። ከዚያ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የያዘው የአሲድ ጋዝ ይቆምና በተፈጥሮ ጋዝ እየተሞቀ ቀሪው ይጠረጋል። የዚህ ጊዜ አየር በጥንቃቄ ይለካ። ትንሽ ከበዛ ውስጥ ያለው ድኝ ይነድዳል፤ ካነሰ ጥላሸት ይሠራል። በመጨረሻው ኦክስጅን በጥቂቱ፣ ከ1 በመቶ በታች፣ እየተጨመረ ሙቀቱ ይታያል። አንዱ ቴርሞሜትር ብድግ ካለ አየሩ ይቀነስ።

ፋብሪካው ሲነሣ ደግሞ ጋዝ ከመግባቱ በፊት የኮንደንሰሩ ሼል (ቱቦዎቹን የያዘው የውጭ አካል) እና የመውረጃዎቹ ጃኬት በእንፋሎት ይሙቁ። እያንዳንዱን መውረጃ ከላይ እስከ ታች ለኩት፤ ከ125 ዲግሪ በታች የሆነ አንድም ነጥብ አይኑር። ጋዙ በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ሁሉም ንጹሕ ሳለ፣ ፍሰቱን፣ አራቱን ሙቀቶች (የሁለቱንም ወገን መግቢያና መውጫ) እና የግፊት ልዩነቱን ጽፋችሁ ከኤክስቼንጀሩ ቁጥር ጋር መዝገብ ላይ አኑሩ። ከወራት በኋላ ግፊቱ ጨመረ ሲባል የምታወዳድሩት ከዚያ ገጽ ጋር ነው።